ሽፋ ከፍሎ የበላው የአረቅጥ ቆጮ

«እኔ ምን በድዬዎት ነው፣ ጋሼ ሽፋ? ሐሙስ ቤቴ ገቡ፣ በሉ፣ እጅዎን ታጠቡ፣ ‹አላህ ይባርክ› ብለው ወጡ። ከቅዳሜ ጀምሮ ዝንብ እንኳ ዝር አላለም። ዝንቡንም ነግረውታል?»

እንዲህ የምትለው ባሂራ ናት። የቆመችው ቡታጅራ ገበያ ውስጥ፣ ሽፋ በርበሬ የሚሸጥበት ደጃፍ ላይ ነው። በግራዋ አንድ ጆንያ ዛላ፣ በቀኟ አንድ ጆንያ ዛላ። መሀል ላይ ሆና እያስነጠሰች ትናገራለች፤ ስታስነጥስም ንግግሯን አታቋርጥም።

ሽፋ ለአንዲት ሴት ሁለት ኪሎ እየመዘነ ነበር። ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ፣ «ከፍዬ ነው የበላሁት» አላት።

ለእሱ ይሄ ሙሉ መልስ ነው። ለሌላው ሰው ግን ትንሽ ይጎድለዋል።

ሽፋ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሯል፤ ስድስተኛን ሁለት ጊዜ ስለተማረ ግን ሰባት ነው ይላል። የሚኖረው በበርበሬ ንግድ ነው፤ የሚታወቀው ግን በምላሱ ነው። ቡታጅራም ምላስ ላለው ሰው ትመቻለች። የመስቃኑ ምግብ ቤት አለ፣ የሶዶው አለ፣ የስልጤው አለ፣ የሰባት ቤቱ አለ፣ የኦሮሞው አለ። ከዝዋይ ዓሣ እያስመጣ የሚጠብሰው አለ። ከጅግጅጋ መጥቶ ሩዝ በግመል ሥጋ የሚሠራውም አለ። ሁሉም በሩ ላይ «ባህላዊ» ብሎ ይጽፋል፤ ሽፋ ደግሞ ይሄ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን ካላጣራ እንቅልፍ አይወስደውም። ወልቂጤ በርበሬ ሊሸጥ ሄዶ ሲመለስ ዋጋው እንዴት ነው ቢሉት አያውቅም፤ የትኛው ክትፎ ቤት ቅቤ እንደሚሰስት ግን አንድ በአንድ ይነግርሃል።

አንዱ ሰውዬ እንዲሁ ባህላዊ ብሎ ጽፎ፣ ገንፎው ላይ በቅቤ ፈንታ ዘይት አፈሰሰ። ሽፋ ሁለት ማንኪያ ቀመሰ፣ ከፈለ፣ ወጣ። ቤቱ በወሩ የሞባይል መጠገኛ ሆነ።

አንድ ሕግ ግን አለው፤ ሙሉ ሂሳብ ሳይከፍል ስለ ምግብ ክፉም ደግም አይናገርም። «በኛ ይሁን» ያሉት ባለቤቶች ብዙ ናቸው፤ እሺ ብሎ አያውቅም። ምክንያቱም በዚህ አገር እንግዳ ሆኖ የበላ ሰው የበላበትን ቤት አያማም። የቀረበለት ድንጋይ ቢሆን እንኳ «ጣፈጠኝ» ብሎ ነው የሚነሳው። እንግዳ ያመሰገነውን ምግብ ታዲያ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የሽፋ ቃል የሚታመነው ከኪሱ አውጥቶ ስለሚናገር ነው። የሚስቱ የሃሊማ ወጥ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቁት፣ «እዚያ አልከፍልም» ብሎ ያልፋል። ሃሊማ ይሄን ሰምታ፣ ሂሳብ ባመጣልህስ ምን ልትል ነው ብላ ጠይቃዋለች።

ጓደኛው ተረፈ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቃቸው ግድግዳ ይጋራል። ተረፈ ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋ አብረው አይበሉም። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፍለውታል፤ የክርስቲያኑን ሥጋ ቤት ተረፈ ይቀምሳል፣ የሙስሊሙን ሽፋ ይቀምሳል፣ ከዚያ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብለው ይተራረካሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ክትፎ በጆሮው ሲበላ ኖሯል። ከአንድ ትሪ የሚበሉት ዓሣ ቤት ብቻ ነው።

ባሂራ ከደጋው ከአረቅጥ የመጣችው በቅርቡ ነው። ሁለት ላሞቿን ሸጣ፣ ቤት ተከራይታ፣ ክትፎ በቆጮ መሸጥ ጀመረች። ሽፋም ሐሙስ ዕለት ሄዶ በላ። ተመልሶ ለተረፈ የነገረው እንዲህ ብሎ ነው፤ «ክትፎው ደህና ነው። ቆጮው ግን ተበላሽቷል። ጠቁሯል፣ ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ይመታል።» ተረፈ ይሄን ሱሪ ለሚለካለት ሰውዬ ነገረው። ሰውዬው ሱሪው ሳያልቅ መናኸሪያ ደርሶ አወራ። አርብ ከተማው ሁሉ ሰማ።

ባሂራም አሁን የመጣችው ለዚህ ነው። ቆጮው አልተበላሸም አለች፤ ሦስት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው።

«ሦስት ዓመት ከተኛ አንድ ሰው በጊዜ መቀስቀስ ነበረበታ» አለ ሽፋ።

በርበሬ የምትገዛዋ ሴትዮ ሳቀች፣ ተረፈም ከግድግዳው ማዶ ሳቀ። ባሂራ አልሳቀችም። ሰው እንዲህ ከራቀኝ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን እዘጋለሁ፣ ላሞቹ እንደሆኑ አይመለሱም አለችው። ከዚያ ጆንያውን ተደግፋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ለምሳ ይምጡ። ጋሼ ተረፈንም ይዘው ይምጡ፤ ወሬውን የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።»

ሽፋ መሄድ አልፈለገም። ግን ገበያው ሰምቷል፤ ቢቀር ፈራ ሊባል ነው። በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ሁለቱም ሄዱ።

ቤቱ ስድስት ጠረጴዛ አለው፤ አምስቱ ባዶ ነው። ስድስተኛው ላይ ከአረቅጥ ድንች ጭኖ የመጣ አሚኑ የሚባል የአይሱዙ ሾፌር ተቀምጧል። ሽፋ እንደገባ ሦስት አራት ሰው ተከትሎት መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ የሚገባ ግን የለም። ባሂራ ለሽፋ ክትፎ በጣባ፣ ለተረፈ አይብና ጎመን፣ ለሁሉም ያንኑ ቆጮ አቀረበች።

ቀድሞ የጎረሰው አሚኑ ነው። ጎረሰና ማኘኩን አቆመ። ሽፋ ወደ ተረፈ አየት አደረገ፤ ይኸው፣ ለማለት ነው።

«ማን ሊዳር ነው?» አለ አሚኑ።

ባሂራ ማንም አይዳርም አለች።

«ታዲያ ይሄን ጉድጓድ ማን አስከፈተሽ?»

ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለቆጮው ማውራት ጀመረ። በእነሱ አገር ይሄ ለሠርግ ወይም ለትልቅ እንግዳ ካልሆነ አይወጣም። አባቱ ጉድጓዱ የት እንዳለ እንኳ ለልጆቹ አይናገርም ነበር። እሱ በዕድሜው ሦስት ጊዜ ቀምሷል፣ አንዱ የራሱ ሠርግ ነው፣ ያን ቀንም አጎቶቹ ናቸው የጨረሱት። ይሄን እንዴት ለመንገደኛ ትሸጫለሽ ብሎ ባሂራን ተቆጣት።

«ለማላውቀው ከተማ መጀመሪያ ያለኝን ደህና ነገር ላቅርብ ብዬ ነው» አለች። ይሄን ስትል ሽፋን አላየችውም፤ መሬት መሬት ነው ያየችው።

ሽፋ ቆጮ አሳምሮ ያውቃል። የሚያውቀው ግን እናቱ የምትጋግረውን ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ብዙ ሳይቆይ የሚበላውን። ይኸው አርባ ዓመት የሰዉን ቤት ሁሉ በእናቱ ቆጮ ሲመዝን ኖሯል። ሚዛኑን ያስመረመረው ዛሬ ነው።

ቁራሽ ቆረሰና ክትፎውን ዝቆ ጎረሰ። እንደ ሐሙስ ዕለት አፍንጫውን መታው። ሐሙስ እዚህ ላይ ነበር የተናደደው። አሁን ታገሰ። ቅቤው ሲደርስ ኮምጣጣው ለዘበ፣ ከኋላው እንደ ገብስ ቆሎ ያለ ነገር መጣ፣ ከተዋጠም በኋላ አልሄደም። ሌላ ቆረሰ። ከዚያ ማንም ሳያናግረው አንዲት ቁራሽ ብቻ እስክትቀር በላ። ተረፈም ጨርሶ የሽፋን ጣባ ያያል፤ ክትፎውን አይደለም፣ ጠርዙ ላይ የቀረችውን ቆጮ ነው።

ሽፋ እጁን ታጥቦ ሂሳብ አለ።

«ሂሳብ የለም» አለች ባሂራ። «ዛሬ እንግዳዬ ነዎት።»

አስባበት ነው። እንግዳ አያማም፤ ስለዚህ ምላሱን አስሬ ላስቀምጠው ብላ ነው። ሽፋ ብር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ወደ እሱ ገፋችው። መልሶ ገፋው፤ መልሳ ገፋችው። በር ላይ የቆሙት ብሩ ሲሄድና ሲመጣ አንገታቸውን አብረው ያዞራሉ። ሽፋ ጨነቀው። ዛሬ ወጥቶ ቆጮው ግሩም ነው ቢል፣ በነፃ አጥግባው ነው ይላሉ፤ ቤቱም በወሩ ይዘጋል። ለምን መክፈል እንዳለበት ለማስረዳት ደግሞ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር መናገር አለበት።

ተረፈ ጎንተል አደረገው። «ንገራት። እኔ የሰው ኮት ጥዬ ነው የመጣሁት።»

ሽፋ ጉሮሮውን ጠረገ። የተናገረው ለእሷ ነው፤ ድምፁን ያወጣው ግን በር ላይ ላሉት ነው።

«ሐሙስ ቆጮው ምንም አልነበረም። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። አሁን ይሄን ውጪ ልናገር ነው፤ ሳልከፍል ብናገር ማንም አያምነኝም። ተቀበይኝ፣ ልጄ።»

በር ላይ ከቆሙት አንዱ ገባና ተቀመጠ፤ ሌላው ተከተለው። ያኔ ባሂራም ወንበር ስባ ከሽፋ ፊት ለፊት ተቀመጠችና በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የሽፋ ክትፎ፣ የተረፈ አይብና ጎመን፣ ሁለት ውሃ። ቆጮውን ከሐሙሱ እጥፍ አድርጋ አሰበችው።

«ሐሙስ በዚህ ዋጋ አልነበረም» አለ ሽፋ።

«ሐሙስ የበሉት የተበላሸውን ነዋ፣ ጋሼ» አለች። «ይሄ የሦስት ዓመቱ ነው።»

ሽፋ ተረፈን አየው። ተረፈ ጣሪያውን ያያል። አሚኑ ልክ ናት አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሽፋ ሌላኛውን ኪሱን ፈተሸ፣ የጎደለውን ሞላና ከፈለ።