የውባለም ወገብና የሩቅ አገር ካርዶች

በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ውባለም፣ የመጀመሪያ ልጄ፤ ሕመሙ ሲጀምራት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ትርንጎ፣ እናቷ። ድሬሰር ታከለ፣ የጭልጋ ሰው፤ በከተማው ሆስፒታል ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ። ሐኪሙ፣ ከውጭ አገር የመጣ፣ ቃለ ቁጥብ ሰው። ሄልጋ፣ ኖርዌይ በሚባል አገር የምትኖር፣ እስከ ዛሬ በዓይናችን ያላየናት ሴት። እኔ ደግሞ ፈንታ፤ አዘዞ ላይ የሞተር ወፍጮ ያለኝ፣ ፊደል ጎልምሼ ያለ መምህር የቆጠርሁ። የምጽፈው ልጁ ወገቡን ላመመው ወላጅ ነው።

አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስገባ የብሎን መፍቻ ከእጄ ወደቀ። «አንሺልኝ» አልኋት። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አላጎነበሰችም። ወገቧን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጋ፣ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ፣ ቁጢጥ ብላ አነሣችው።

«ምነው፣ አረጀሽ እንዴ?» ብዬ ቀለድሁባት።

«እንዲህ ሲሆን ይሻለኛል አባባ» አለች።

የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር። ቀጥሎ ሲመሽ ገላዋ ይሞቅ ጀመር። ከሳች። በእንቅልፏ ትጮኻለች፤ ስትነቃ ግን ለምን እንደጮኸች አታውቅም። ጎረቤት «እንስራ ከብዷት ነው» አለ። ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሻት፤ ጩኸቷን ሰምተን አስቆምነው። ከዚያ ትርንጎ ጀርባዋን ስታጥባት እጇ አንድ ነገር አገኘ። በአከርካሪዋ መካከል፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ወጣ ያለ አጥንት።

ሆስፒታል ወሰድናት። ራጅ አነሷት። ሐኪሙ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየው። ከዚያ ተናገረ፤ ታከለም አስተረጎመ።

«ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይበላም፤ አጥንትም ይበላል። ሁለት የጀርባ አጥንቶቿን ይዟል። መድኃኒት አለው። መድኃኒቱ ግን ግማሹ ነው። ግማሹ መተኛት ነው።»

«ስንት ቀን?» አልሁ።

ታከለ ጥያቄዬን ለሐኪሙ ሳያደርስ ራሱ መለሰልኝ። «አያ ፈንታ፣ ቀን አትቁጠር። ክረምትና በጋ ቁጠር።»

ሐኪሙ ጨመረ። «ብትነሣ አጥንቱ ይደረመሳል። ቢደረመስ ነርቩን ይጫናል። ነርቩ ከሞተ አትራመድም።»

ከብብቷ እስከ ዳሌዋ በጀሶ አሰሯት። ስትሬፕቶማይሲን የሚባለውን መርፌና አይሶናያዚድ የሚባለውን ክኒን ጀመሩላት። መርፌው ጆሮ ሊነካ ስለሚችል ጆሮዋ ቢጮህ ወዲያው እንድንናገር አስጠነቀቁን። የሆስፒታሉ አልጋ ጥቂት ነው፤ ጀሶው ሲደርቅ ቀሐ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ወሰድናት። ታከለ መርፌ ሊወጋት እየመጣ ቀስ በቀስ ቤተ ዘመድ ሆነ። እንዴት እንደምትገለበጥም አስተማረን፤ ሁለት ሰው ሆኖ፣ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ። ጾም ሲገባ ትርንጎ ሐኪሙ ያዘዘላትን ወተት ለመስጠት ፈራች። የንስሐ አባታችን ተጠርተው መጡና ጀሶውን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው፣ «ይህቺ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትጹም? ስጧት» አሏት።

ሰው በጀርባው ተኝቶ የሚያየው ጣሪያ ነው። የእኛ ጣሪያ አቡጀዲ የተወጠረበት ነበር፤ ነጭ፣ ዝናብ ያስገባበት ቦታ ቢጫ። ውባለም ያን ቢጫ ስታይ ትውል ነበር።

አንድ ቀን ታከለ ከሆስፒታል የቆየ የፈረንጅ መጽሔት ገጽ ቀድዶ አመጣ። በየአገሩ ያሉ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ፖስት ካርድ መለዋወጥ የሚሹ ሰዎች ስምና አድራሻ ታትሞበታል። እኔ አልወደድሁትም። የማያውቁትን ሰው ደጅ መጥናት ሥራ ፈትነት መሰለኝ።

«ምን ይሠራላታል?» አልሁት።

«የምትጠብቀው ነገር ይሆናታል» አለ ታከለ። «አሁን የምትጠብቀው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ መርፌ ይዤ ነው የምመጣ።»

ይህን እውነት ብዬ ተቀበልሁ። ካርድ የሚሸጠው ጣሊያኖች ትተውት በሄዱት ፎቶግራፍ ቤት ብቻ ነበር። ያለውም ሥዕል አንድ ነው፤ የፋሲል ግንብ፣ ከፊት ለፊት። ከስሞቹ መካከል ውባለም ሄልጋን መረጠች፤ ስትጠየቅ «ስሟ አጭር ነው፤ ቦታ አይፈጅም» አለች።

ቦታ የፈጀሁት እኔ ነኝ። ሰላምታ የሌለው ወረቀት የሹም ትእዛዝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰላምታውን እንደ ወጉ አስጻፍሁ። እንዴት ነሽ፣ እጅግ እንዴት ነሽ፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ፣ ዝናቡስ፣ ጎረቤቶችሽ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውባለም ሰሌዳ ደረቷ ላይ ደግፋ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች፤ ታከለ እንግሊዝኛውን ያቀናል። ገና ጎረቤቶቹ ላይ ስንደርስ ካርዱ ሞላ። የቀረውን ዙሪያውን በጠርዙ ላይ ጻፈችው።

«አባባ፣ ማን እንደሆንን አልነገርናትም እኮ» አለች።

«ሰላም ሳይሉ ወሬ የለም። ወሬው በሚቀጥለው ይደርሳል» አልሁ። ተላከ።

መልስ አልመጣም። ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ትርንጎ ስታጥባት፣ «እማ፣ እግሬን መቼ ነው የምታጥቢኝ?» አለች። ትርንጎ እያጠበቻት ነበር።

ሐኪሙ መጣ። ውስጥ እግሯን በመርፌ ጫፍ ነካ። አልተሰማትም። አውራ ጣትሽን አንቀሳቅሺ አላት። አልተንቀሳቀሰም። ወደ ውጭ ወጣን።

«ነርቩ ተጭኗል» አለ። «ፍጹም ጸጥ ብላ ትተኛ። መድኃኒቱን አታቋርጥ። ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

ውባለም ከውስጥ ሆና ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትርንጎ ክኒኑን ስትሰጣት ልጅቱ ጥርሷን ገጠመች። ወተቱ ቀዘቀዘ። በማግሥቱም እንዲሁ። ተቈጣሁ፤ አልሰማችም። ለመንሁ፤ አልሰማችም። ልጅን በቁጣ ማስዋጥ ይቻላል የሚል ካለ አይመነው። ጥርስ የተዘጋ እንደሆነ አባትነት ከደጅ ነው የሚቆመው።

ካርዱ የደረሰው ያኔ ነው። ታከለ ከፖስታ ቤት ይዞት ገባ። በሥዕሉ ላይ ጥቁር ባሕርና ቀይ የእንጨት ቤቶች አሉ። ውባለም አልዞረችም። ታከለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን እያየ፣ ጮክ ብሎ ያስተረጉም ጀመር።

«ስለ ጤናዬ ስለጠየቃችሁ አመሰግናለሁ፤ ደኅና ነኝ፤ እጅግም ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። ልጆች የሉኝም። ከብትም የለኝም፤ አንድ ድመት አለኝ። ደኅና ነው፤ ትናንት ግን የጎረቤት ዓሣ ሰርቆ ተሰድቧል። አዝመራዬ አንድ መደብ ድንች ነው፤ ዝናብ በዝቶበታል። ጎረቤቶቼን በየቤታቸው እየዞርሁ ጠየቅሁላችሁ። ሁሉም ደኅና ናቸው። ማን እንደጠየቃቸው ግን ማወቅ ይፈልጋሉ።»

ከግድግዳው በኩል ድምፅ ተሰማ። ማልቀስ መስሎኝ ተነሣሁ። ውባለም እየሳቀች ነበር። ጀሶው ደረቷን ስለያዘው ሳቋ እንደ ሳል ነው የሚወጣው።

«ድመቱን ጠየቀችልን!» አለች። «አባባ፣ አንተ ከብት ብለህ እሷ ድመቱን ጠየቀችልህ!»

«ከብት ከሌለ ድመት ያው ነው» አልሁ።

«እማ፣ ወተቱን አምጪ። ማን እንደሆንን ልንነግራት ነው።»

ክኒኑንም ዋጠች። ታከለ ካርዱን ለማየት ጎንበስ ያለ መስሎ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ማን እንደሆንን መንገር ግን ቀላል አልነበረም። በአገራችን ይህን በሽታ ሰው ይደብቃል። ትርንጎ «ለባዕድ ሕመምሽን አትንገሪ፤ ዓይን ይገባሻል» ብላ ለመነች።

«እማ፣ የኖርዌይ ዓይን ባሕር ተሻግሮ ቀሐ ይደርሳል?» አለቻት ልጅቱ።

ፍርዱ ለእኔ ተተወ። የተደበቀ በሽታ ሲድን አላየሁም። «ጻፊ» አልሁ። ተኝቻለሁ፣ የማየው ጣሪያ ነው፣ እግሬ አይሰማኝም ብላ ጻፈች።

የሄልጋ መልስ አዘኔታ አልነበረበትም። «እንግዲያው ከጣሪያው ውጭ ያለውን ቤተሰቦችሽ አይተው ይንገሩሽ፤ አንቺም ንገሪኝ» ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውባለም ያለ ወሬ ወደ ቤት የሚገባ ሰው አትቀበልም። «ዛሬ ምን አየህ?» ትለኛለች። «ምንም» ብል ፊቷ ይጠቁራል። ስለዚህ ከአዘዞ ስመለስ በመንገዱ ላይ የሚነገር ነገር መፈለግ ጀመርሁ። ያን መንገድ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሄጄበታለሁ፤ ያየሁት ግን ያኔ ነው። ለወፍጮው ዕቃ ፍለጋ ወደ ሳንጃ ቆላ ወርጄ ስመለስ፣ የታጨደው ሰሊጥ እየታሰረ እንዴት ቆሞ እንደሚደርቅ ነገርኋት፤ እንክብሉ አፉን ወደ ላይ ይከፍታል፤ ሰው ተጠንቅቆ ካልያዘው ፍሬው ይፈሳል። «እንደ እኔ ነዋ፤ አትንኩኝ ይላል» አለችና ጻፈችው።

በዚህ ዓይነት ስሞቹ በዙ። ከጃፓን፣ ከብራዚል፣ ከቼኮስሎቫኪያ ካርድ መጣ። ለሁሉም የምንልከው ያው አንዱ ግንብ ነበርና፣ የብራዚሉ መምህር «ከተማችሁ ሌላ ቤት የለውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ውባለም በዚህ ተናድዳ በባዶ ካርድ ላይ ቤታችንን፣ ወፍጮውንና የታከለን ብስክሌት መሣል ጀመረች። ትርንጎ የመጡትን ካርዶች ሥዕላቸውን ወደ ታች አድርጋ በአራት ማዕዘናቸው በክር አቡጀዲው ላይ ሰፋቻቸው፤ ቢጫው ቦታ በበረዶ ተራራ ተሸፈነ። «ዓይን ይገባሻል» ትል የነበረችው ሴት፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ በጥርሷ ክር እየበጠሰች፣ «ይህ የማነው? ይህስ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ትርንጎ እግሯን ስታጥባት፣ ውባለም «ውሃው ቀዝቅዟል» አለች።

ትርንጎ የውሃውን ዕቃ ለቀቀችው። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ማናችንም አላበስነውም።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ረጅም ቢሆንም የሚያስፈራው አልፏል። በመጀመሪያ አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷ፤ ሐኪሙ በየጊዜው ራጅ እያነሣ ሁለቱ አጥንቶች እንዴት አንድ ሆነው እንደገጠሙ በብርሃን ላይ ያሳየን ነበር፤ ጀሶው ሲፈታ ከሥሩ የወጣው ገላ የጨቅላ ይመስል ስለነበር ትርንጎ ለመንካት ፈራች፤ ከዚያም የቆዳና የብረት መደገፊያ አሠርተንላት፣ በመጀመሪያ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያም ታከለንና እኔን በግራና በቀኝ ይዛ እስከ በሩ መራመድ ተማረች። ያን ቀን የጻፈችው ካርድ ላይ ሰላምታ አልነበረም። «ቆምሁ» ብቻ ይላል። እኔም ሰላምታ ጨምሪ አላልኋትም።

ሁሉ ሰው እንደ እሷ አይሆንም። በሆስፒታል ሳለች አጠገቧ የተኛ የወገራ ልጅ በዚሁ በሽታ ሞቷል። ይህን የምጽፈው በከንቱ ተስፋ እንዳትታለሉ ነው። ነገር ግን ልጃችሁ ጎንበስ ማለት ትቶ ቁጢጥ ብሎ ዕቃ ሲያነሣ ካያችሁ፣ እንስራ ነው አትበሉ። ጀርባውን አታሳሹ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ትኩሳቱ ጠፋ ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ በሽታው የሚተኛው ለመነሣት ነው። ወተቱን አፍሉ፤ በሽታው በጥሬ ወተትም ይገባል። አትደብቁ። ለተኛውም ሰው ከመድኃኒት ሰዓት ሌላ የሚጠብቀው ነገር ስጡት፤ ምክር አይደለም፣ ምክር ከእኔ ዘንድ ሞልቶ ነበር። ደኅና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ብቻ ሳይሆን፣ እሱም በተራው ደኅና ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ሐኪሙንና ታከለን እግዚአብሔር ይስጥልን። ሄልጋንና ጎረቤቶቿንም፣ ድመቱንም ሳይቀር።

የወጣው ወጪ ይህ ነው። ከትርንጎ፣ እንቅልፏና አንድ የአንገት ወርቅ። ከእኔ፣ ሁለተኛው ወፍጮዬ፤ ተሸጧል። ከታከለ፣ እሑዶቹ ሁሉ። ከሄልጋ፣ በብርድ የሚያማት ጉልበት ይዛ ፖስታ ቤት ድረስ የሄደችው መንገድ። ከውባለም ከሁላችንም የበለጠው ሄዷል፤ ከእኩዮቿ ጋር የምትማርበት ዘመን፣ ቁመቷ፤ በምትኩም ከልብስ በላይ የሚታይ አንድ ጉብታና ዕድሜ ልኳን የማይጎነበስ ወገብ ቀርቶባታል። ዛሬም ዕቃ ሲወድቅባት ቁጢጥ ብላ ታነሣለች፤ ተነሥታም ትሄዳለች። ለዚህ የከፈልነው ዋጋ ረከሰ።