ደረቁን ልብስ ከታች የጫንኩ ዕለት

ሥራ የገባሁ ዕለት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋሽ አበጀ አንድ ሙሉ ጭነት ወለሉ ላይ ዘረገፉብኝ። ድንኳን፣ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምድጃ፣ የእጅ ባትሪ፣ ገመድ፣ ካልሲ ሳይቀር።

«መልሺው» አሉኝ።

«የት ልመልሰው?»

«በቅሎዋ ላይ ነዋ! ጓዳሽ መስሎሻል?»

ከዓረብ አገር ከተመለስኩ መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ተማሪዎችንና እንግዶችን ወደ ጉና ተራራ ይዞ የሚወጣ አንድ ትንሽ ድርጅት ጓዝ የሚያሰናዳ ሰው እንደሚፈልግ ሰምቼ ሄድኩ። የማሳድጋት ልጅ አለችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቀበሉኝ።

ጋሽ አበጀ ብዙ አይናገሩም። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ በቅሎ ትቆስላለች፤ የሚንኳኳ ዕቃ ያስደነብራታል። ይህን ነግረውኝ የቀረውን በእጄ እያሠሩ አስተማሩኝ።

ጉና ላይ ብርዱ የሚብሰው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ቀን ፀሐይ ስላለ ሰው ይታለላል። ሌሊት በጀሪካን የተቀዳው ውኃ በረዶ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰው የመኝታ ከረጢት፣ ሁለት ባና፣ ከሥር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ፣ ሦስት ካልሲ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ጓንትና አንድ ሙሉ ቅያሬ ልብስ እይዛለሁ። ቅያሬው እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ ማዳበሪያ ውስጥ እከተዋለሁ። ዝርዝሩ ላይ ምልክት ሳላደርግ አንድም ዕቃ አይወጣም። አንድ ዕቃ ረስቼ አላውቅም ነበርና ሥራውን ጠንቅቄ ያወቅሁት መሰለኝ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በገና ጾም፣ አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘን፣ እስከ ተራራው ግርጌ በመኪና፣ ከዚያ ጓዙን በበቅሎ ጭነን በእግር ወጣን። የሚመሩን የድርጅቱ ባለቤት አቶ ደረጀ ነበሩ። በቅሎዋን የሚነዳው ሙላት ከተራራው ሥር ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ ነው።

ሁላችንም ጾመኞች ነን። የምናድርበት ቦታ የምንደርሰው በዘጠኝ ሰዓት፣ የምንቀምሰውም ያን ጊዜ ነው። ልጆቹ ደክመው ሲደርሱ ምግብ ፍለጋ እንዳይቆሙ ብዬ ዳቦውን፣ በሶውንና ሽሮውን ከሁሉ በላይ አደረግሁ። ቅያሬ ልብሱን ከድንኳኑ ሥር ከተትኩት።

ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሰላም የምትባል ተማሪ ጅረት ስትሻገር ድንጋይ አዳለጣትና እስከ ደረቷ ገባች። እየሳቀች ወጣች።

«ጥምቀት መቼ ደረሰና!» አለ አንዱ ጓደኛዋ።

ከዚያ ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ነፋስ ተነሣ። ቦታው ስንደርስ የሰላም ከንፈር ጠቁሯል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ትንሽ ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች።

«ተሻላት» አለ ሙላት።

ቀረብ ብዬ ስሟን ጠየቅኳት። ምላሷ ተሳስሮ መናገር አቃታት። ብርድ የያዘው ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ከተወ አካሉ እየተሸነፈ ነው።

«አልተሻላትም!» ብዬ ወደ በቅሎዋ ሮጥኩ።

ገመዱ በጅረቱ ረጥቦ ጠብቋል፤ በደነዘዘ ጣቴ አልፈታ አለኝ። ሙላት በቢላ ቆረጠው። መጀመሪያ እጄ የገባው ዳቦ ነው። ወረወርኩት። ቀጥሎ በሶ። ቀጥሎ ሽሮ። ቀጥሎ ድስት። ድንኳኑን ለሁለት ጎተትነው። በየዕቃው «እመብርሃን» እላለሁ። ዘወር ብዬ ሳይ የልጅቷ ዐይን እየተከደነ ነው። ቅያሬው የወጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

ወንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። እርጥቡን አውልቄ ደረቁን አለበስኳት፤ በባና ጠቅልዬ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገባኋት፤ ሌላዋን ሴት ተማሪ አቅፋት እንድትተኛ አደረግሁ። ሙላት ውኃ አሞቀ። ስኳር አብዝተን ጥቂት በጥቂት አጠጣናት።

ብዙ ጠበቅን። ከዚያ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሰው መንቀጥቀጥ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እትዬ ዘውዴ» አለችኝ ቆይታ፣ «ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እንዴ?»

ዳቦውን ከሣሩ ላይ አንሥቼ፣ አራግፌ ሰጠኋት።

ስንመለስ አቶ ደረጀ ቢሮ ጠሩኝ።

«ድንጋይ ያዳልጣል፤ ሰው ይወድቃል። በዚሁ ይለፍ» አሉኝ።

«መውደቋ አይደለም ጌታዬ። ልብሱን ከታች የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

«ለጾመኛ አስበሽ ነው እኮ።»

«አዎ፣ አስቤ ነው። ልጅቷ ግን ልትሞት ነበር።»

«ታዲያ ሥራውን ልትተዪ ነው?»

«አልተውም። አጫጫኑን እለውጣለሁ። እኔ ጨርሻለሁ ሳልል መኪናው እንዳይነሣ ይዘዙልኝ።»

«ሹፌሩ ይሰድበናል።»

«ይስደበን።»

በቀጣዩ ጉዞ ቅያሬው ከበቅሎዋ ወርዶ በየሰው ጀርባ ሆነ፤ በየቦርሳው አፍ ላይ። ከመነሣታችን በፊት ሁሉም ጓንቱን እንዳጠለቀ ልብሱን እንዲያወጣ አዘዝኩ። ጊዜውን የምለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነው። ጸሎቱን ደግሜ ስጨርስ ልብሱ እጃቸው ላይ መሆን አለበት።

አንድ ጎልማሳ እንግዳ ተቆጡኝ። «እኛ ሕፃናት ነን እንዴ?»

«አይደሉም ጌታዬ። ያውጡት።»

«አሜን» ስል ገና ከዚፑ ጋር ይታገላሉ። ሹፌሩ ጡሩንባውን ይነፋል። እሳቸው ግን እልህ ያዛቸው።

«እንደገና!» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ ድገሚ።»

ቀስ ብዬ ደገምኩ። በሦስተኛው ተሳካላቸው። ያን ጊዜ መኪናው ተነሣ።

ሰላም ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ይህን ያደረገ እግዚአብሔር ነው። እኔ ያደረግሁት ከታች መጫኑን ነው። ዛሬ ሥራውን የማስተምራቸው ሁለት ሴቶች አሉ፤ ይህን ታሪክ ሳይሰሙ ገመድ አይነኩም።

ጉና ላይ ብርድ ከረሃብ ቀድሞ ይገድላል። ደረቅ ልብስ ከምግብ በላይ ይቀመጥ። የሚለብሰው ሰው ራሱ፣ ከቤት ሳይወጣ፣ አውጥቶ ይሞክረው።