ጥቁር ባሕር ዳር የተናገርኩት

እስካለፈው እሑድ ድረስ ይህን ነገር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አንዱ ሞቷል። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ለባለቤቴም ለልጆቼም ተንፍሼው አላውቅም ነበር። አሁን የምናገረው ኅሊናዬ ዕረፍት ስለ ነሳኝ አይደለም። ስለዚያ ቀን ያልሆነ ነገር በአደባባይ ሲነገር ስለ ሰማሁ ነው። ዕድሜዬን ወሬ ሳጣራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የተሳሳተ ወሬ ሲጸና ማየት አልወድም።

በደርግ ጊዜ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ ያለውን የገበያ፣ የመኸርና የስብሰባ ዜና የምልከው እኔ ነበርኩ። ለፓርቲ አባልነትም ዕጩ ነበርኩና ለትምህርት ቡልጋሪያ፣ ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለች ከተማ ተላክሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ በእነሱ በጋ፣ ባለቤቴ አማረችና ሁለቱ ልጆቼ መጥተው እንዲጎበኙኝ ተፈቀደ። ሰላማዊት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በረከት ሦስት።

አማረች ያደገችው ሆሳዕና፣ ከወንጌል አማኞች ቤት ነው። በእነሱ ሥርዓት ሰው የሚጠመቀው አድጎ፣ ተምሮ፣ አምኖ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው። እሷ ትምህርቱን ጨርሳ ቀኑ ተቆርጦላት ሳለ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ፤ የሚያጠምቋት ሽማግሌም ታሰሩ። ሳትጠመቅ አገባችኝ፤ ሳትጠመቅ ሁለት ልጆች ወለደች። ይህ ነገር ውስጧን ይበላት ነበር። አውቅ ነበር። ሳገባት እኔም አብሬ እዘምር ነበር፤ በኋላ መዝሙሩን ተውኩት፣ ስብሰባውን ያዝኩት።

አንድ እሑድ በዚያ ከተማ የምንማር ኢትዮጵያውያን ተሰባስበን ባሕር ወረድን። ልጆቼ ባሕር አይተው አያውቁም። ሰላማዊት ግን ባሕሩን ትታ ሰዉን ነበር የምታየው።

«አባዬ፣ የእነዚህን ሰዎች ልብስ ማን ወሰደባቸው?»

«ራሳቸው ናቸው ያወለቁት።»

«እማዬስ ለምን አታወልቅም?»

አማረች ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። «የሰላማዊት አባት፣ ይቺን ልጅ ያዝልኝ፤ በሳቅ ልትገድለኝ ነው» አለች።

ማርቆስ የሚባል የዱራሜ ልጅ ከእኛ ጋር ነበር። የእንስሳት ሕክምና ይማራል። «ጋሼ» እያለ ያከብረኛል። የአገሩ ሰው ስለሆንኩ አምኖኝ አንድ ምስጢር ነግሮኝ ነበር፤ ዓርብ ዓርብ መኝታ ክፍሉ ውስጥ አራት አምስት ሆነው ይጸልያሉ። በዚያን ቀን በረከትን ትከሻው ላይ አድርጎ ውኃ ውስጥ ሲያስፈነድቀው ቆየና አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። ወዲያው አማረች ተነስታ ተከተለችው። ቀሚሷን እንደ ለበሰች ወደ ውኃው ገባች።

ውኃው ደረቷ ሲደርስ ቆሙ። ማርቆስ አንድ እጁን ከጀርባዋ አደረገ፤ ሌላውን ወደ ላይ አነሳ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ አጠለቃት፣ አወጣት። የሆኑ ልጆች ኳስ በሁለቱ ራስ ላይ አልፎ ወደቀ። ውኃው ጠርዝ ላይ የቆመችው ሰላማዊት አጨበጨበች። ያ ሁሉ ሰው ጨዋታ መሰለው። እኔ ግን አወቅሁ፤ እኔም የተጠመቅሁት እንዲያ ነው።

አጠገቤ ሐብሐብ የሚበላው የተማሪዎች ኮሚቴያችን ሊቀመንበርም አወቀ።

«ጓድ ዘጋቢ፣ ያ ልጅ ሚስትህን ምን እያደረጋት ነው?»

«ዋና እያስተማራት ነው።»

«በቀሚስ?» ፍሬውን አሸዋው ላይ ተፋ። «አታሞኘኝ እንጂ! በዘመቻው ጊዜ ከምባታ ነበርኩ እኮ። እናንተ ሰዎች እንዴት ወንዝ እንደምትገቡ አሳምሬ አውቃለሁ።»

አገር ቤት ስትመለስ ምን እንደሚጠብቃት ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር። በዚያው ምክንያት ስንት እናቶች እንደታሰሩ አውቃለሁ፤ አውቄም ዜና አላደረግሁትም። በረከት ጭኔ ላይ አሸዋ እየዘገነ ነበር። ያኔ እኔ ተናገርኩ።

«እሷ ምንም አታውቅም» አልኩ። «ውኃ ስለምትፈራ ያዘኝ ብላው ነው። እሱ ነው ሆን ብሎ ያደረገው። ዓርብ ዓርብም ክፍሉ ውስጥ ሰው ሰብስቦ ያስጸልያል።»

ሊቀመንበሩ ስለ ዓርብ አልጠየቀኝም። ዓርብን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን ጨመርኩ? ትንሽ ዜና የሚዋጠው በትልቅ ዜና መሆኑን ሙያዬ አስተምሮኛል። ፈርቼ ከአፌ አምልጦኝ ነው ማለት እችል ነበር። አላመለጠኝም። አስቤ፣ መርጬ፣ በተረጋጋ ድምፅ ተናገርኩ። ለአማረች ብቻ ብዬ ነው ብልም እዋሻለሁ። ትምህርቴም ተረፈልኝ፤ አባልነቴም ጸደቀልኝ።

በጋው ሳያልቅ ማርቆስ ወደ አገር ቤት ተጠራና በዓርቡ ጸሎት ተከሶ ታሰረ፤ የባሕሩን ነገር ያነሳበት የለም። እሱ እስር ቤት ሳለ እናቱ ሞቱ፤ አልቀበራቸውም። ሐኪም ሳይሆን ቀረ። ዛሬ አዲሎ መንገድ ዳር በርበሬ ይነግዳል። ሊቀመንበሩ ምስጢሩን ይዞ ስለ ሞተ፣ ማን እንደጠቆመበት አያውቅም ነበር። አማረችን ግን ማንም አልነካት፤ ልጆቼ በእናታቸው እጅ አደጉ።

ባለፈው እሑድ አማረች በቤተ ክርስቲያን ለምስክርነት ቆመች። እኔ እሷን ላደርስ እሄዳለሁ፤ ኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። የባሕሩን ቀን አንስታ፣ «ጌታ የጠላትን ዓይን ጋረደ! ያ ሁሉ ሰው እያየ አላየንም!» አለች። ጉባኤው እልል አለ። ከአዲሎ የተጠራው ማርቆስ ፊት ወንበር ላይ ሆኖ «አሜን» እያለ ያለቅስ ነበር።

የማንም ዓይን አልተጋረደም። አንድ ሰው አይቷል፤ አንድ ሰው ተናግሯል። እሷንም የጋረድኳት በማርቆስ ነው።

ቤት ስንገባ ነገርኳት። ስለ ማርቆስ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«‹አታውቅም› አልከው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔን? ያን ቀን ስጠብቅ የኖርኩትን?»

«እንዲያ ባልል ትታሰሪ ነበር።»

«መታሰር እፈራለሁ አልኩህ? ጠየቅኸኝ?»

አልጠየቅኋትም።

በማግሥቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለዱራሜ መኪና ወጣች፤ ከዚያ ወደ አዲሎ ልትቀጥል።

«ልምጣ?» አልኳት።

«አትምጣ። አንተ ይቅርታ መጠየቅ አታውቅበትም።»

እውነቷን ነው። እስካሁን አልተመለሰችም። ማርቆስ ቢመጣ በሩ ክፍት ነው። ቢሰድበኝ እሰማዋለሁ፤ ቢመታኝም እጁን አልይዝም። «ማረኝ» ግን አልለውም። ማረኝ የሚል ሰው ዳግመኛ አላደርገውም ማለቱ ነው። ያን አሸዋ መልሱልኝ፤ በረከትን ጭኔ ላይ አስቀምጡልኝ፤ አማረች እርጥብ ቀሚሷን እየጎተተች ወደ እኔ ትምጣ፤ ሊቀመንበሩም ይጠይቀኝ። የማርቆስን ስም እሰጠዋለሁ። እናንተ ደግሞ የምትፈርዱብኝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ስለ ተናገርኩት ብቻ አትፍረዱብኝ፤ ዛሬም እንደምናገረው አውቃችሁ ፍረዱ።