የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡለት መንዳት ያስተማራቸው ሰዎች ናቸው። ስሙ ግን ለሰውየው ሳይሆን ለቀኝ እግሩ ቢሰጥ ይበልጥ ያስኬድ ነበር። አሰልጣኝ ሆኖ ጋቢና በተቀመጠባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ለእሱ ተብላ በተገጠመችው ተጨማሪ ፍሬን ላይ ያቺ እግር ሥራ ፈትታ አታውቅም። ተማሪው ሳያይ እሷ አይታ፣ ተማሪው ሳያስብ እሷ አስባ ትረግጣለች። ችግሩ ከመኪና ከወረደም በኋላ አለማረፏ ነው። አውቶቡስ ሲሳፈር የፊቱን ወንበር ትረግጣለች፤ ፀጉር ቤት ምላጩ ወደ ጆሮው ሲጠጋ ፍሬን ትይዛለች። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ በእንቅልፉ አልጋውን እየደበደበ ሲያስቸግራት፣ ከግርጌ ትራስ ታደርግለት ነበር። እሷ ካረፈች ሦስተኛ ዓመት ሆነ፤ ትራሱ ግን አሁንም እዚያው ነው። ለማንሳት እጁ እንቢ አለው።

ቤቱ ጭር ያለ ነው። ከሥራ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፤ ሊያይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለው። ከእግዚአብሔር ጋርም ተኳርፏል። "ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንነጋገርም" ይላል፣ አጥር ስለሚጋራው ጎረቤት የሚያወራ ይመስል።

እንዲህ ባለበት ወቅት ነው እትዬ አዋላጅ ሊማሩ የመጡት። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ቁመታቸው ከመሪው ብዙም አይበልጥም፤ ድምፃቸው ግን ከጡሩንባው ይበልጣል።

"በዚህ ዕድሜዎ መንጃ ፈቃድ ምን ሊያደርግልዎት ነው?" አላቸው።

"ረቡዕ ረቡዕ ቤቴ ተሰብስበን እንጸልያለን። ሽማግሌዎቹን በመኪናው ያመጣልን የነበረው ወንድም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ጉልበቷን የሚያማት እህታችን ይኸው ቀረች። ዐይናቸው የጠፋው ፖስተኛም ብቻቸውን አውቶቡስ ተሳፍረው ማንም የማያውቃቸው ሰፈር ወርደው ተገኙ። እኔ ካልነዳሁ መበተናችን ነው። የሟች ባለቤቴ መኪና ደጄ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማለች።"

ከመነሳታቸው በፊት ሁልጊዜ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

"እትዬ፣ ዐይን ተገልጦ አይጸለይም?"

"ስንነሳ እገልጠዋለሁ።"

ከዚያ ይነዳሉ። መኪናዋ የቁም ምልክት ጋ ደርሳ በቆመች ቁጥርም "እግዚአብሔር ይመስገን!" ይላሉ። ጋሽ ፍሬን ልማድ ነው ብሎ ተወው።

አንድ ረቡዕ ትምህርቱ ደጃፋቸው ላይ አለቀና "ሻይ ሳትጠጣ አትሄዳትም" ብለው ጎትተው አስገቡት። ሳሎኑ ውስጥ አራት ሽማግሌዎች በማይመሳሰሉ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ወንጌሉን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ክርስቶስ በማዕበል መሀል ጀልባ ላይ የተኛበትን ታሪክ። ማዕበሉ ሲበረታ የጋሽ ፍሬን እግር ወለሉን ድም አደረገችው።

"አሜን!" አሉ ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ።

"አይ፣ እኔ እንኳን..." ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ። ማን ሰምቶት! ቀጥሎ ፖስተኛው መጸለይ ጀመሩ፤ ጸሎታቸውም ቁልቁለት ላይ እንደተለቀቀ መኪና አልቆም አለ። እግሯ ደግማ ደጋግማ ረገጠች። በየርግጫው አሜን ተባለ። ሲያበቁ ፖስተኛው እጁን በዳበሳ ፈልገው ያዙት።

"እንዲህ የሚቃጠል ወንድም ካገኘን ስንት ዘመናችን!"

ጋሽ ፍሬን ጆሮው ድረስ ቀላ። ነገሩን ለማስቀየር ያህል "እኔን የገረመኝ፣ በዚያ ማዕበል መሀል እንዴት ይተኛል?" አለ።

"እሱስ ተኝቷል" አሉ ፖስተኛው። "አንተ ከተኛህ ስንት ጊዜህ ነው?"

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሻዩን ማማሰል ያዘ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። በሚቀጥለው ረቡዕም ገባ። ከሻዩ ጋር ለሚቀርበው ዳቦ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው።

እትዬ አዋላጅ ግን የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ። ሁለተኛውንም ወደቁ። ፈታኙ ከመኪናዋ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ አያውቁም! የቁም ምልክቱን ሰላም ብለውት አለፉ!"

"ከእኔ ጋር እኮ አንድም ሳይስቱ ነው የሚቆሙት!" አለ ጋሽ ፍሬን። እውነቱን ነበር። ሦስተኛውን ከወደቁ ትምህርቱን ከሀ መጀመር ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያን ያህል የሚጠብቁበት ጉልበት የላቸውም። እትዬ አዋላጅን ጥግ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጠየቃቸው።

"ምን ነካዎት እትዬ? ለምን አልረገጡም?"

"ይቆማል ብዬ ነዋ! ካንተ ጋር ስንሄድ፣ ልረግጥ እግሬን ሳነሳ ቆሞ አገኘዋለሁ። የጸሎቴ መልስ ነው ብዬ በቆመ ቁጥር አመሰግን ነበር።"

ጋሽ ፍሬን ቀኝ እግሩን አየ።

"እትዬ... እሱ እግዚአብሔር አይደለም። እኔ ነኝ።"

እሳቸው መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ እግሩን አዩ። ከዚያ ሳቅ ይዟቸው ሄደ፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ መነጽራቸው ጭናቸው ላይ እስኪወድቅ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

"በቃ እኔው ላመላልሳቸው" አለ።

"ያኛውም እንዲሁ ብሎ ነበር፤ ተዛወረ። ራሴ መቻል አለብኝ። አንተ ግን ለምንድነው ፍሬኑን የማትለቅልኝ?"

"አመል ነው።" ከዚያ ያላሰበው ነገር ከአፉ አመለጠ። "ካለፉ ደግሞ ረቡዕ የምመጣበት ምክንያት የለኝም።"

"ወይ ወንድሜ! አስተማሪ ስለሆንክ መሰለህ ወንበር የሰጠንህ? ደግሞ አንተ ብትቀር የፖስተኛውን ጸሎት ማን ሊያስቆምልን ነው?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀኝ እግሩን ከግራ ጭኑ ሥር ቀብሮ ማስተማር ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን እትዬ አዋላጅ አንድ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ሊስሙ ስንዝር ሲቀራቸው ረገጡ።

"ጌታ ሆይ!" ብሎ ጮኸ ጋሽ ፍሬን።

"ማንን ጠራህ?"

"አፌ ነው" አለ። ግን ኩርፊያው በዚያች ጩኸት ተሰብሮ ነበር፤ ራሱም ታውቆታል።

የፈተናው ዕለት ጋሽ ፍሬን ከፖስተኛው ጋር መንገድ ዳር ቆመ። መኪናዋ ወደ ምልክቱ ስትመጣ እግሩ ልትረግጥ ብድግ አለች። በሁለት እጁ አፈፍ አድርጎ ያዛትና በአንድ እግሩ ቀረ። ሊወድቅ ሲል ፖስተኛው ደገፉት።

"ምን ሆነ? ምን ሆነ?" አሉ።

ጋሽ ፍሬን "ጌታ ሆይ፣ አንተ ከእሳቸው ጋር ሁን። እኔ እግሬን ይዣለሁ" እያለ ነበር። መኪናዋ መስመሩ ላይ ቀጥ አለች።

"ቆሙ!" ብሎ ፖስተኛውን አቀፋቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

ፈተናውን ባለፉ በቀጣዩ ረቡዕ እትዬ አዋላጅ በሟች ባለቤታቸው መኪና ሽማግሌዎቹን ሊያመጡ ሲነሱ፣ ጋሽ ፍሬን ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ትራሱን በብብቱ ይዞ መጣ። ጉልበቷን የሚያማትን እህት ከቤቷ ሲያወጧት ከእግሯ ሥር አደረገላት።

"የማን ነው?" አለችው።

"የባለቤቴ። ለእኔ እግር ነበር ያሰበችው።"

ከኋላ፣ በእሷና በፖስተኛው መሀል ተጣቦ ተቀመጠ። እትዬ አዋላጅ ጨፍነው ጸለዩ። በዚህ ጊዜ እሱም ጨፈነ። ቁልቁለቱን ወርደው ምልክቱ ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ቀስ ብላ ቆመች።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ እትዬ አዋላጅ። ከዚያ ትዝ አላቸውና በመስታወቱ በጥርጣሬ አዩት። "ወይስ አንተ ነህ?"

ፖስተኛው ጉልበቱን ዳበሱት። እግሩ አልተነቃነቀችም።

"እኔ አይደለሁም እትዬ" አለ። "እኔ ከኋላ ነኝ።"