ያልመለስኩት በረዶ

ሐሰተኛ ተአምር ከእውነተኛው በምን ይለያል ቢሉኝ መልስ አላጣም። ዘመሮ ከተማ አጠገብ ባለችው ደብራችን የሰንበት ተማሪዎችን ለዓመታት ያሰለቸኋቸው በዚሁ ነው። የፈርዖን አስማተኞች በትራቸውን እባብ አደረጉ፣ ውሃውን ደም አደረጉ፣ ጓጉንቸርም አወጡ፤ ያወጡትን መመለስ ግን አቅቷቸው ፈርዖን ሙሴን ለመነ። በስልክ የሚታዩትን ተአምር አድራጊዎች ሁሉ በዚህ ሚዛን እየመዘንኩ ስጥል፣ አንድ ቀን እኔው ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ ብዬ አላሰብኩም።

በአገራችን በረዶ ይመልሳሉ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ደመናው ሲጠቁር ማሳው ጫፍ ወጥተው የሚያነበንቡትን ያነበንባሉ፤ በረዶውም ወደ ሌላ ቦታ ያልፋል ይባላል። በአጨዳ ጊዜ ለዚህ ገብስ ይሰፈርላቸዋል። እኔ እነሱን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው መስከረም፣ ገብሱ እሸት በያዘበት ሰሞን፣ ማኅበር ጠጥተን ደጅ ተቀምጠን ሳለ በጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። አንዱ በረዶ መላሽ ይጠራ አለ። አላስችል አለኝና ተነስቼ ስብከቴን ጀመርኩ። ሙሴ ከከተማ ወጥቶ እጁን ወደ ሰማይ እንዴት እንደዘረጋ፣ በረዶውም እንዴት እንደቆመ ለማሳየት ሁለት እጄን ዘረጋሁ። በዚያች ቅጽበት ነፋሱ ዞረ። በረዶው የእኛን ገብስ ዘልሎ ከጅረቱ ማዶ ወረደ።

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔም እጄን ቶሎ አላወረድኩም።

ከዚያ በኋላ በረዶ መላሽ አይደለሁም ብል ማን ይስማኝ? የዋናዎቹ መላሾች ጠባይ እንዲህ ነው፣ አይናገሩም አሉ። ለስንት ዓመት ሰላምታዬን በአፍንጫቸው የሚመልሱ ሽማግሌ ቆብ ያነሱልኝ ጀመር። ጠላው መጀመሪያ ለእኔ ይቀዳል። ሰንብቼ መካዱን ትቼ ፈገግ ማለት አበዛሁ። አንድ ቀንማ ማንም ሳያየኝ ጓሮ ወጥቼ ለአንዲት ትንሽ ደመና እጄን ዘረጋሁ። ደመናዋ ከመጤፍ አልቆጠረችኝም።

ብዙም ሳይቆይ ከማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ቄሳቸውን ይዘው መጡ። አብረዋቸው የመጡት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ባልቴት ናቸው። ያ በረዶ የእሳቸውን ገብስ ከአፈር ደባልቆታል፤ ለዓመቱ የሚበሉት የላቸውም። የሽማግሌዎቹ ነገር አጭር ነበር። በረዶውን አልላክሁም ብዬ በመስቀሉ ከማልኩ ይሄዳሉ፣ ካልማልኩ እንዳደረግሁት ይቆጠራል።

ቀላል ነገር ነው። ስንቱን ሐሰተኛ ያጋለጥኩ ሰው አንዲት ቃል ተናግሬ መገላገል ነበረብኝ። ግን ሆዴ ውስጥ «ምናልባትስ?» የሚል ነገር ተጎልቶ አልነሳ አለኝ። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። የአስማተኞች መርማሪ በራሱ አስማት አምኖ ተገኘ።

ባልቴቷ መሐላውን አልጠበቁም።

«ልጄ፣ መመለሱን ከቻልክበት እሰየው» አሉኝ። «ግን ያ ሁሉ ገደል ባዶውን ተቀምጦ ወደ እኔ ማሳ ለምን ሰደድክብኝ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሙሴ ሲለምን በረዶው ቆመ እንጂ ወደ ጎረቤት ማሳ አልተሻገረም። የራሱን ሰብል አትርፎ የሰው ሰብል የሚያስመታ ኃይል ከየት እንደሚመጣ ለመለየት መምህር መሆን አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር አላየሁትም። መስቀሉን ይዤ ማልኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር እንዳላደረግሁ፣ ማድረግም እንደማልችል። አንድ የማዶ ሽማግሌ ከመሐላው ይልቅ ፊቴን አይተው ያመኑኝ ይመስለኛል።

አጨዳው ሲያልቅ የሰፈሩን ሰው ለመንኩ። ከየአውድማው ገብስ ተዋጣ፣ በአህያ ጭነን ጅረቱን ተሻገርን። በረዶ መላሽነቴ የቀረባቸው ጎረቤቶቼ በመንገዱ ሁሉ ሲያሾፉብኝ ነበር፤ ይገባኛል።

ባልቴቷ ስልቻዎቹን ተቀብለው መረቁን። ጎተራቸው ሲሞላ ሳይ ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። አሜን ልል ሁለት እጄን ዘርግቼ ስነሳ እሳቸው ቀና ብለው ወደ ጓሳ አዩ። ደመና እየመጣ ነበር።

«አሜኑን በአፍህ በለው፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እጅህን ኪስህ ክተት።»