ሳራን ስድብ ያለቀባት ቀን

ሳራን ጃራ፣ እኔ ስም በምመዘግብበት፣ በማሊዋ ሴጉ ከተማ ባለው የጥርስ ክሊኒክ ራጅ አንሺ ናት። ከእሷ የባሰ የደከማት ሴት አላውቅም፤ ከእሷ የባሰች አፈኛም አላውቅም።

ድሮ በፊልሙ ዘመን ፎቶውን ጨለማ ክፍል ገብታ አጥባና አድርቃ እስክትወጣ ድረስ ጊዜ ነበራት። ክፉ ነገር ያየች እንደሆነ እዚያው ታለቅሳለች፣ ፊቷን ትጠርጋለች፣ የምትናገረውን ታሰናዳለች። ከዚያ ዲጂታሉ መጣ። ማሽኑ በበሽተኛው ራስ ዙሪያ አንዴ ይዞራል፤ ወዲያው መንጋጋው ከነጥርሱ ስክሪን ላይ ይዘረጋል። በሽተኛው ግን ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው የሳራንን ፊት ነው። ሐኪማችን ፍጥነቱን ሲያወድስ አይጠግብም። እሱ ምን አለበት! ቀኑን ሙሉ ፊቱ እንዳያሳጣው ሲጠነቀቅ የሚውለው እሱ አይደለም።

ስለዚህ ሳራን ከቀልድ ጀርባ መሸሸግ ለመደች። ትራዎሬ የሚባል ሰው ከመጣላትማ በዓሏ ነው። እኛ ዘንድ የጃራና የትራዎሬ ጎሳ ሰዎች ካልተሰዳደቡ፣ «ባቄላ በሊታ»፣ «ሎሌ» ካልተባባሉ ሰላም ተባባሉ አይባልም። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው፤ መቀየም ነውር ነው።

ማሽላ ነጋዴው ዙማና ትራዎሬ ጉንጩ አብጦ የመጣ ዕለትም ገና ከበሩ ጀመሩ።

«ባቄላ በሊታ! ምን ሆንክ? ጠጠሩን ሳትለቅም ቆረጠምከው?»

«ዝም በይ፣ ሎሌ! ጌታሽ ሲታመም እንዲህ ነው የምትቀበይው?»

ማሽኑ ዞረ። በቀኝ መንጋጋው አጥንት ውስጥ ትልቅ ጥቁር ባዶ ነበር፤ ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቷል። ሳራን አየችው። ዙማና ደግሞ እሷን ያያል። ደነገጠችና አፏ እንደለመደው ቀደማት፦ «ይኸውልህ! የሰረቅኸው ባቄላ መንጋጋህ ውስጥ በቅሏል!»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። ዙማና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሐኪሙ ገብቶ፣ ዕጢ መሆኑን፣ ዋና ከተማው ባማኮ ሄዶ በቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት መንጋጋውን እንደሚበላው ሲነግረውም ሳቁን አላቆመም።

«ዶክተር፣ አንተንም ጃራዎች ገዙህ?» አለና ማስታገሻውን ብቻ ተቀብሎ ወጣ።

ሳራን ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አላት። ከሥራ ስትወጣ ፎቶውን በስልኳ ይዛ ሱቁ ሄደች። ዙማና ገበያተኛውን ሰበሰበባት። «ኑ እዩ! ሎሌዬ ባቄላዬን በስልክ አምጥታልኛለች!» እሷም ተናደደችና ሰደበችው፤ ስድቡ ደግሞ ሳቁን ጨመረው። ስትመለስ ተቆጣኋት።

«ውሃ መውቀጥ ነው፤ ተይው። ሐኪሙ ነግሮታል እኮ።»

«ሐኪሙ የነገረው ከእኔ ቀልድ በኋላ ነው» አለችኝና ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ደክሟት አይቻት አላውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ጉንጩ ጨምሯል፤ የሚያላምጠው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

«መጣሽ፣ ሌባ!» አላት ከማሽላው ጆንያ ላይ ሳይነሳ።

ሳራን ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ከዚያ ሴቶቻችን ለታላቅ ሰው እንደሚያደርጉት በጉልበቷ ዝቅ አለች። «ጋሽ ዙማና፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብዎ ደህና ነው?»

ዙማና ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ከጉልበቷ አልተነሳችም። ሳቁ ብቻውን ጥቂት ቆየና አለቀ።

«ምን ሆነሻል? ስደቢኝ እንጂ።»

«ልጆችዎስ ደህና ናቸው?»

ወደ እኔ ዞረ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ጉንጩ ወጣና እዚያው ቀረ።

«ሳራን፣ በፈጠረሽ» አለ። «ባቄላ በሊታ በይኝ።»

ድሮ ጨለማ ክፍል ውስጥ ታፈስሰው የነበረው እንባ በጠራራ ፀሐይ፣ በእሱ ፊት ወረደ። አልጠረገችውም።

«ከባማኮ ሲመለሱ» አለችው።