ልጄ ወደ ዜሮ ክፍል አትመለስም

ይህን ቃል የተናገርሁት አንደኛ ክፍል ውስጥ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ደረቴን ሊነካ ደርሶ ሳለ ነው። ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

ያስጠራችኝ የልጄ መምህርት ናት። ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ቃሏ ግን የማይነቀነቅ። ኅዳር ውስጥ ነበር።

«አባቷ፣ እንዳይከፋዎት» አለችኝ። «ልጅቷ ፊደል አልያዘችም። እስከ ጥር ካልያዘች ወደ ዜሮ ክፍል ብትመለስ ይሻላታል።»

ዜሮ ክፍል ማለት ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው፣ የእሷ ታናናሾች የሚውሉበት ነው። ከዚያ ያለፈችው ገና መስከረም ላይ ነበር።

«የኔ ልጅ ናት ፊደል ያልያዘችው? ከሀ እስከ ፐ ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣዋለች!»

«ታዜመዋለች» አለች መምህሯ። «አታነበውም።»

«ልጄ ወደ ዜሮ ክፍል አትመለስም» ብዬ ተነሣሁ። ወንበሩም አብሮኝ ተነሣ፤ ጠቦኝ ኖሯል። በር ላይ የነበሩት ልጆች በሳቅ ፈረሱ። የኔዋም ከመካከላቸው ቆማ ትስቃለች። በአንድ እጄ ወንበሩን አላቅቄ፣ በሌላው እሷን ይዤ ወጣሁ።

የተማሪ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የተወለድሁት ደንቢያ ነው። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር እህል በአህያ ጭነን ኮላ ድባ ገበያ ስንሄድ መንገዳችን በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያልፍ ነበር። አህዮቹ ጥላ ሲያገኙ ይቆማሉ። ከአጥሩ ወዲያ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች ድምፅ ይመጣል፤ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ። አህዮቹ እስኪያርፉ እሰማለሁ። ገበያ ደርሰን እስክንመለስ ያንኑ በአፌ ይዤ እዞራለሁ። ዜማውን ከያዝሁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ፊደሉን በዓይኔ ያየሁት። ጎንደር መጥቼ እህል መጋዘን ውስጥ ተሸካሚ ስሆን፣ የትኛው ጆንያ ስንዴ የትኛው ጤፍ እንደሆነ እየተነገረኝ፣ ጆንያው ላይ የተጻፈውን ከገበያ ከገዛሁት የፊደል ገበታ ጋር እያስተያየሁ ለራሴ ፈታሁት። ዛሬ በርና መስኮት የምሠራበት ብየዳ ቤት አለኝ። የደንበኛ ልክ ራሴ እጽፋለሁ፤ መጽሐፍ አነባለሁ። ስለ ሀሁ ማንም እንዲመክረኝ አልፈልግም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ በየዓርቡ የሚልከው ወረቀት አለው። የሚመጣው ሳምንት ልጆቹ በክፍል የሚሠሩት በአንድ ወገን፣ ወላጅ በቤቱ የሚያሠራው በሌላው ወገን ተጽፎበታል። ሰኞ ጥቂት ፊደል፤ እሱም በተራው አይደለም፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እንደተገኘ። ማክሰኞ በባቄላ መደመር። ረቡዕ አካባቢ ሳይንስ፤ ዶሮ ምን ትበላለች፣ ውሃ ከየት ይመጣል። ሐሙስ የሳምንቱን ፊደል መንገድ ላይ መፈለግ፤ ከሱቅ ሰሌዳ፣ ከዘይት ጀሪካን፣ ከባጃጅ ጀርባ። ዓርብ ሥዕል። የመጀመሪያውን ሳነብ ጨዋታ መስሎኝ ሳቅሁ። ልጅ ትምህርት ቤት የምትላከው ልትማር ነው እንጂ የባጃጅ ጀርባ ልታይ ነው?

«ምነው ባቄላውን እንኳ ብታስቆጥራት?» ትለኛለች ባለቤቴ።

«ባቄላ የሚበላ ነገር ነው።»

«ቆጥራ ትበላዋለቻ፣ ሰውዬ!»

እኔ የራሴ ሳምንት ነበረኝ። ሰኞውም ሐሙሱም አንድ ነው። ማለዳ ከቁርስ በፊት ልጄ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ገበታ ፊት ትቆማለች፤ ከሀ እስከ ፐ፣ በሙሉ ድምፅ። አንድ ዘር ከዘለለች እንደገና ከሀ። ከግቢያችን ወዲያ የምትኖር የሆስፒታል ነርስ አለች፤ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ስትመጣ መንገድ ላይ ታገኘኝና «ጋሼ፣ የናንተ ቤት አውራ ዶሮ ሀሁ እያለ ነው እንዴ የሚጮኸው?» ትላለች። እኔ ምስጋና አድርጌ ነበር የምወስደው።

መምህሯ ያን ከተናገረችኝ በኋላ ቅዳሜ ጧት ልጄን ይዤ ቁስቋም ወጣሁ። እዚያ የቤታቸውን በር የሠራሁላቸው የኔታ አሉ፤ ሕፃናት ፊደል የሚያስቆጥሩ። እውነቱን ልናገር፤ ምክር ፍለጋ አልሄድሁም። በመምህሯ ላይ የምወረውረው ድንጋይ ፍለጋ ነው የሄድሁት። የኔታ አንድ ቃል ይሰጡኛል፣ እኔም ሰኞ ይዤው ትምህርት ቤት እገባለሁ ብዬ።

«የኔታ፣ የዘንድሮ መምህራን ሀሁን በተራ ማስተማር ትተዋል። እኔ ልጄን እንደ አባቶቻችን ብይዛት አልያዘችም አሉኝ።»

«እስቲ ትበልልኝ» አሉ።

ልጄ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመችና ለቀቀችው። የየኔታ ተማሪዎች የራሳቸውን ትተው አዳመጧት። ከሀ ተነሥታ ፐ ላይ እስክታርፍ አልተደናቀፈችም።

«ሸጋ ድምፅ አላት» አሉ የኔታ። ደረቴ ተነፋ። ቀጥለው ገበታውን አቀረቡና ስንደዶ አነሡ፤ ለፊደል መጠቆሚያ የሚይዙትን የሣር አገዳ ማለቴ ነው። ስንደዶውን ‹ሜ› ላይ አሳረፉ።

«ይኼ ማነው?»

የልጄ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ከሀ ተነሥታ በውስጧ እየሮጠች ወረደች፤ ሀን ጨረሰች፣ ለን ጨረሰች፣ ሐን ጨረሰች፣ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ… «ሜ!» ብላ ጮኸች።

የኔታ ሌላ ቦታ መረጡና ዙሪያውን በመዳፋቸው ከደኑት። በጣቶቻቸው መካከል አንድ ፊደል ብቻዋን ቀረች። ‹ቶ› ነበረች።

«ይችስ?»

የምትሮጥበት መንገድ ተዘጋባት። ገበታውን አየች፣ የኔታን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየችኝ። የማትረዳው ነገር የገጠማት ሕፃን አባቷን እንዴት እንደምታይ የወለደ ያውቀዋል።

«በአፏ ነው የምትሄደው» አሉ የኔታ። «ዓይኗ ገና አልተነሣም። አንተ ይኼን ከማን ተማርኸው?»

«ከአጥር ውጭ።»

«ከምን?»

አስረዳኋቸው፤ ገበያውን፣ አህዮቹን፣ ጥላውን። ተማሪዎቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዱማ እንደ አህያ አናፋ። የኔታ በስንደዶው ጆሮውን ነካ አደረጉት፤ ራሳቸው ግን ፈገግ ብለዋል።

«ልጄ፣ ከአጥር ውጭ የሚሰማው ጩኸቱ ነው» አሉኝ። «ስንደዶ ድምፅ የለውም።»

«ታዲያ ዜማው ውሸት ነው?»

«ምነው፣ ማን ውሸት አለው? ግማሹ ነው። አቡጊዳን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ሌላ ዜማ ነው ብዬ ተውሁት።»

«አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ይኸውልህ፣ ተራው ተሰባብሯል። አባቶች የሰበሩት ልጅ በአፉ እንዳያመልጣቸው ነው። ሀሁን በጩኸት ያለፈ ሁሉ እዚያ ላይ ይያዛል።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ይህን አሰብሁ። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ ያልሰማውን ነገር አያውቅም፤ አለማወቁንም የሚነግረው የለም። የአባቶችን ሥርዓት ይዣለሁ እያልሁ በሰው ፊት ስፎክር የያዝሁት ከአጥር ተሻግሮ የመጣውን ያህል ብቻ ነበር። ባልያዘ ብየዳ ላይ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች አሉ፤ እሰድባቸዋለሁ። ልጄን ግን እንደዚያው ቀብቻት ኖሯል።

ታዲያ ሰኞ ሄደህ መምህሯን ይቅርታ ጠየቅህ ወይ የሚል አይጠፋም። አልጠየቅሁም። የተሳሳትሁት በምክንያቴ ነው፤ በውሳኔዬ አልተሳሳትሁም። አባት በሠራው ስሕተት ሕፃን ወደ ታች የምትወርድበትን ፍርድ አልቀበልም። የተበላሸውን ያበላሸው ያቃናዋል። ልጅን ከጓደኞቿ ለይቶ ወደ ኋላ መመለስ ግን ማቃናት አይደለም። ይህን ዛሬም ለሚሰማኝ ሁሉ እላለሁ።

የዚያኑ ቅዳሜ የቆርቆሮ መቁረጫ መቀሴን ይዤ ቤት ገባሁና ገበታውን ከግድግዳ አወረድሁት።

«ምን ልታደርገው ነው?» አለች ባለቤቴ።

ቆራረጥሁት። እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ።

«አበደ!» አለች። «ፊደል ሲቆረጥ አየሁ በሉ!»

ቁርጥራጩን ሰፌድ ላይ ደባልቄ ልጄን ጠራኋት። አንዱን አነሣለሁ፤ ማነው እላለሁ። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ሲጀምር «ዓይንሽን እንጂ አፍሽን አልጠየቅሁም» እላታለሁ። መጀመሪያ ላይ ማልቀስ ነበር። ትናንት ከሀ እስከ ፐ የምትወጣ ልጅ ዛሬ ከጥቂት ፊደል በላይ አልሆነላትም። እናቷ ባቄላ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች፤ ለታወቀ ፊደል ሁሉ አንድ ባቄላ። ማክሰኞ ሲደርስ ያገኘችውን ቆጥረው ደመሩት፤ ቆጥራም በላችው። የባለቤቴ አስተያየት ከቃል ይብስ ነበር።

ሐሙስ እንደ ወረቀቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እጇን ይዤ መንገድ ለመንገድ ሄድን። ከፊታችን የቆመ ባጃጅ ጀርባ ላይ «ቀስ በል» የሚል ተጽፎበታል። ‹በ›ን አወቀቻት። ‹ል›ንም አወቀቻት። ‹ስ› ላይ ቆመች። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «እናንተ፣ ትገባላችሁ አትገቡም?» አለን።

«ስ! ስ ነው!» አለች ልጄ።

«ስሚ፣ ባጃጅ ነው የምነዳው ወይስ ፊደል ነው የምሸጠው?» ብሎ ሹፌሩ ሳቀና ሄደ።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ጆንያዎቹ ትዝ አሉኝ። እኔስ ፊደሉን በዓይኔ የለየሁት ስንዴና ጤፍ ከሚለው ጆንያ ላይ አልነበረም? የሳቅሁበት የሐሙስ ተግባር እኔን ራሴን ያስተማረኝ ነው። ለልጄ ያወረስሁት አጥሩን ነው፤ ጆንያውን ረስቼው። ከዚያ ወዲህ ሐሙስን አልዘለልሁም፤ ብየዳ ቤቱን ዘግቼ እወጣለሁ። ደንበኛ ቢቆጣ ይቆጣ። በር ነገም ይሠራል።

የማለዳውን ዜማ ግን አልተውሁም። ከሰፌዱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ በሙሉ ድምፅ።

ጥር ገባ። ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ በቀሐ ወንዝ በኩል ሰው ለበዓሉ መሰናዳት ሲጀምር መምህሯ አስጠራችን። በዚህ ጊዜ ወንበር አልተቀመጥሁም፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። የፊደል ካርዶቿን አወጣች። አንድ አሳየች፤ ልጄ መለሰች። ሌላ አሳየች፤ መለሰች። ሦስት አራቱን እንዲህ አለፈችና አንዱ ላይ ቆመች። ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ከጀለ። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞርሁ። ማን እንደበየደው አላውቅም፤ መጥፎ ሥራ ነበር፤ እሱን እያየሁ ጥርሴን ነከስሁ።

«ጉ» አለች ከኋላዬ።

ትክክል ነበር። ቀጥላ ‹ጰ›ን ‹ጸ› አለቻት፤ እሷን ስታለች። መምህሯ ካርዶቹን ሰበሰበች።

«ትቆያለች» አለች። «ዘገምተኛ ናት፤ ግን በዓይኗ ነው የምታነበው። አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ያን የማለዳውን ዜማ ይተዉት።»

«አልተውም።»

«አባቷ!»

«ፊደል በተራው የማታውቅ ልጅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቃል እንዴት ትፈልጋለች? ካርድሽም ይኑር፣ ሰፌዱም ይኑር፣ ዜማውም ይኑር። ሐሙስሽን ተቀብያለሁ። ሀሁዬን አልሰጥም።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

«እሺ፣ ያዚሙ። ግን አንዳንድ ቀን ከታች ወደ ላይ ይሁን። ከፐ ወደ ሀ።»

«ይኸማ ቀላል ነው» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ ልጄ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመች። ገበታው ከተቆረጠ ወዲህ እዚያ የቀረው ምስማሩ ነው።

«ዛሬ ከፐ ጀምሪ» አልኋት።

«አንተ መጀመሪያ አሳየኝ።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ፐ፣ ፈ፣ ፀ፣ ጸ፣ ጰ፣ ጨ፣ ጠ፣ ገ…» እዚያ ድረስ ጥሩ ሄድሁ። ከገ በላይ ማን ነበር? ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ልጄ። «ነይ እይው፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው!»

«ዝም ብለሽ ስሚ» አልኋትና እንደገና ከፐ ጀመርሁ።